የፈረመ ሁሉ የተጠየቀ አይደለም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኩላሊት ጠጠር ኦፕራሲዮን ነው። የምናገረው ግን ስለ ጠጠሩ ሳይሆን፣ ጠጠሩ በሚወጣበት ጊዜ በሽተኛው እንዴት እንደሚተኛ ነው። «አንቺ መምህርት ነሽ፤ ሐኪም በሽተኛውን በሆዱ አስተኛው፣ በጎኑ አስተኛው፣ ምን አገባሽ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚያገባኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አጎቴ ነው፤ የእሱን ነገር ከዚህ በታች እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ሙያዬ ነው። እኛ መምህራን ስንሠለጥን አስቀድመን ከምንማረው ነገር አንዱ፣ «ገባችሁ?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» የሚል መልስ መስማት ማስተማር አለመሆኑን ነው። ተማሪው የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ካልነገረን ገብቶታል አንልም። ይህን ማንኛውም የአንደኛ ክፍል መምህር ያውቀዋል። ታዲያ አንድ ሽማግሌ ራሱን ስቶ ለሰዓታት በጠረጴዛ ላይ ከመጋደሙ በፊት «ገባህ? እንግዲያው ፈርም» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

አጎቴ ከቤር ሼቫ ውጭ በሌላ ከተማ የሚኖር፣ ዕድሜው ሰባውን ያለፈ ሰው ነው። እኛ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን መጣን፤ እሱ ግን ከእኛ ቀድሞ በ1984 በእግሩ ወደ ሱዳን ከወጡት አንዱ ነበር። በሌሊት ጉዞ ቁልቁለት ሲወርዱ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። በዚያ መንገድ ላይ ሆስፒታል ከየት ይምጣ? አብሮ ከሚጓዘው ሕዝብ መካከል አንድ ወጌሻ አሽቶ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረለት። አጥንቱ ገጠመ፤ የገጠመው ግን እንደ ነገሩ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ አይወጣም። ሸሚዝ ሲለብስ ቀኝ እጁን አስቀድሞ፣ በግራው እየጎተተ ነው። እኛ ቤተ ሰቦቹ ለምደነዋል፤ እሱም ለምዶታል። ብዙ ዘመን አብሮት የኖረውን ነገር ሰው በሽታ ብሎ አይጠራውም፤ ስለዚህም ሐኪም «በሽታ አለብህ?» ብሎ ሲጠይቀው አጎቴ «የለብኝም» ነው የሚለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግራ ኩላሊቱ ትልቅ ጠጠር ተገኘና፣ በጀርባ በኩል በጠባብ ቀዳዳ ገብተው ጠጠሩን እየሰባበሩ የሚያወጡበት ኦፕራሲዮን ታዘዘለት። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ብቻ አይደለምና። በዋዜማው ፎርም መጣ። ተርጓሚ አልነበረም። የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጁ ግን አጠገቡ ተቀምጦ ነበርና «አንተ ተርጉምለት» ተባለ። ልጁ በኋላ ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ከሁለት ገጽ ፎርም ውስጥ የተረጎመው ይህን ብቻ ነው፦ «አባባ፣ ጠጠሩን ሊያወጡልህ ነው፤ እዚህ ጋ ፈርም።» አጎቴም ፈረመ።

ጠጠሩ ወጣ። በጠጠሩ በኩል ሥራው ያማረ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይገባል። አጎቴ ሲነቃ ግን ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ደንዝዟል፤ የውኃ ብርጭቆ ጨብጦ ማንሳት አቃተው። ለካስ በሆዱ አስተኝተውት፣ ሁለቱም እጆቹ ወደ ራሱ አቅጣጫ ተዘርግተው ነው የቆየው። ያ ከ1984 ጀምሮ ከትከሻ በላይ ወጥቶ የማያውቅ እጅ፣ ባለቤቱ «ተው!» ማለት በማይችልበት ሰዓት ወደ ላይ ተዘረጋ። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዱን የትከሻው ነርቭ ተለጥጦ ነበር። ኃይሉ እስኪመለስ አምስት ወር ፈጀ፤ የትንሿ ጣቱ ድንዛዜ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ለምን ሳይጠየቅ እንደ ቀረ በጠየቅን ጊዜ የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ «ተተርጉሞለታል፤ ፈርሟል።»

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን የልጁ ነገር ነው። አንድ ቀን ለብቻዬ ሲያገኘኝ በዕብራይስጥ «ዶዳ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እኔም በ1990ዎቹ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ለእናቴ በኩፓት ሖሊም አስተረጉም ነበር። ስለ ማሕፀን ሲጠየቅ አፍሬ የዘለልኩት አለ። ቃሉ ጠፍቶኝ በግምት የሞላሁት አለ። እናቴም በልጇ ፊት ለመናገር አፍራ የዋጠችው አለ። እነሆ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያው ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦበታል። ይህ ነው ብዕር ያስነሣኝ።

እንግዲህ የአተኛኘቱ ነገር ለምን ይህን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ሰው በቤቱ ተኝቶ ሳለ እጁ ከጎኑ በታች ቢታጠፍ ይደነዝዛል፤ ሕመሙ ያባንነውና ይገላበጣል። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ግን ይህን ዘበኛ ያስተኛዋል። ጡንቻም ይላላል፤ በነቃ ሰው ላይ የማይታጠፈው ሁሉ በተኛ ሰው ላይ ይታጠፋል። ሰውየው አይገላበጥም፣ አያቃስትም፣ «ክርኔን ተጫነኝ» አይልም። ስለዚህ የዘበኛውን ሥራ በእሱ ፋንታ ሌሎች ሊሠሩት ግድ ነው፤ እነርሱም የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙና ነርሶቹ ናቸው።

የኩላሊት ጠጠር የሚወጣበት መንገድ አንድ አይደለም፤ አተኛኘቱም እንደ መንገዱ ይለያያል። ትንሽ ጠጠር ከሆነ ከሰውነት ውጭ በሚላክ የሞገድ ግፊት ይሰባበራል፤ ይህ በ1980 በጀርመን አገር በሙኒክ በሰው ላይ የተጀመረ ሕክምና ነው፤ በሽተኛው ብዙውን ጊዜ በጀርባው ይተኛል። ጠጠሩ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ ላይ ከቆመ በሽንት መውጫ በኩል በቀጭን መሣሪያ ይገባበታል፤ ለዚህ በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ሁለት እግሮቹ ተነሥተውና ተከፍተው በመደገፊያ ላይ ይቀመጣሉ። ጠጠሩ ትልቅ ሲሆን፣ በተለይ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ እንደ አጎቴ በጀርባ በኩል በቀዳዳ ይገባል። ይህ መንገድ በ1976 በስዊድን ሐኪሞች የተገለጸ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን በሽተኛው በሆዱ ተኝቶ ነው ሲሠራ የኖረው። ዛሬ በጣም ያነሰው የቀድሞው ትልቁ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በጎን ተኝቶ፣ ጠረጴዛው ከወገብ ላይ ታጥፎ የሚሠራ ነው።

በሆድ መተኛት ሲባል እንዲሁ መገልበጥ እንዳይመስላችሁ። በሽተኛው መጀመሪያ በጀርባው ሳለ ይደነዝዝና የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ከዚያም ብዙ ሰዎች ሆነው በአንድ ቃል፣ አንገቱና ወገቡ ሳይጠማዘዝ ይገለብጡታል፤ ራሱንና ቱቦውን የሚይዘው የማደንዘዣ ሐኪሙ ነው። ደረቱና ዳሌው ሥር ድጋፍ ይደረጋል፤ ሆዱ ግን እንዳይጫን ነጻ መሆን አለበት፤ አለዚያ ትንፋሹ ይከብዳል፣ ደም ወደ ልብ በደንብ አይመለስም። ዓይኖቹ ተከድነው በማጣበቂያ ይያዛሉ፤ ግንባርና አገጭ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ዓይን ግን በምንም ነገር መጫን የለበትም፤ የዓይን ጉዳት ጥቂት ቢሆንም ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። እጆች ወደ ላይ ከተዘረጉ ብብቱ ከዘጠና ዲግሪ በላይ እንዳይከፈት፣ ክርንም በለስላሳ ነገር እንዲደገፍ ያስፈልጋል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሥር ትራስ ይገባል።

እግር ተነሥቶ በሚሠራበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ ይነሣሉ፣ አንድ ላይ ይወርዳሉ፤ አንዱ ቀድሞ ቢነሣ ወገብ ይጠማዘዛል። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ከአጥንት ላይ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ መደገፊያው እዚያ ላይ ተጭኖ ከቆየ በሽተኛው ሲነቃ እግሩን ቀና ማድረግ ያቅተዋል። ዳሌው ወይም ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ካለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አብዛኛው የነርቭ ጉዳት በሳምንታትና በወራት ይድናል፤ የማይድንም አለ። ሁሉንም በጥንቃቄ አድርገው እንኳ አንዳንድ ጊዜ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ይህን አልክድም። እኔ የምጠይቀው ሳይጠየቅ ስለ ቀረው ነው። ወጌሻ የገጠመው ትከሻ በደም ምርመራ አይገኝም፤ በኩላሊት ሲቲም ላይ አይታይም። የሚገኘው በአፍ ብቻ ነው። ሽማግሌው በሚያውቀው ቋንቋ «እጅህ እስከ የት ይነሣል? እስቲ አሳየኝ» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ነው።

ቢታወቅስ ምን ይደረግ ነበር? ብዙ ነገር። እጁ ከጎኑ ጋር ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ይችል ነበር። በጀርባ ወይም በጀርባና በጎን መካከል አስተኝቶ ያንኑ ኦፕራሲዮን መሥራትም ይቻላል፤ ይህን መንገድ ቫልዲቪያ የተባሉ የስፔን ሐኪም በ1980ዎቹ ያስተዋወቁት ሲሆን ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እንደ ጠጠሩ፣ እንደ በሽተኛው፣ እንደ ሐኪሙ ልምድም ነው። ግን ምርጫ ባለበት ቦታ ጥያቄ ይገባል። ጥያቄ ያልቀረበበት ምርጫ የአንድ ወገን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1996 መጀመሪያ ላይ ማጌን ዳቪድ አዶም ከእኛ ወገን የሚቀበለውን ደም ሳይነግረን ሲደፋ እንደ ኖረ በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ዓመት ጥር 28 ቀን በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ጮኸ። ብዙዎቻችሁ በዚያ ነበራችሁ። በዚያው በ1996 ክኔሴት «ሖቅ ዝኹዮት ሃሖሌ» የተባለውን የበሽተኛ መብት ሕግ አወጣ። ሕጉ ምን ይላል? ሐኪም ለበሽተኛው ምን በሽታ እንዳለበት፣ ምን ሊደረግለት እንደ ታሰበ፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱን፣ ሕመሙን፣ ሌላ አማራጭም ካለ እሱን ሊነግረው ግዴታ አለበት ይላል። የሚነገረውም በተቻለ መጠን አስቀድሞና በሽተኛው በሚገባው መንገድ፣ በገዛ ፈቃዱ እንዲመርጥ ሆኖ ነው። ቶፌስ ሃስካማ የሚባለው የፈቃድ ፎርም የዚህ ንግግር ማስረጃ እንዲሆን ነው የታሰበው። ማስረጃው ኖሮ ንግግሩ ካልነበረስ? ሠርግ ሳይኖር የሠርግ ፎቶ እንደ ማንሳት አይደለምን? ደግሞም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ሆስፒታሎችና ኩፖት ሖሊም አገልግሎታቸውን ለበሽተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ መመሪያ አውጥቷል።

እንግዲህ ስለ ደማችን ጮኸናል፤ መልካም አደረግን። ደማችንን ሳይነግሩን ደፉት ብለን ነው የተቆጣነው። ቁጣችን «ሳይነግሩን» በሚለው ቃል ላይ ነበር። ታዲያ ሽማግሌዎቻችን ሳይነገራቸው በጠረጴዛ ላይ ሲገለበጡ ዝም የምንለው ለምንድን ነው? ደሙ የእኛ ከሆነ ትከሻውስ የማን ነው?

የሚሰጡንን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጊዜ የለም» ይላሉ። በድንገተኛ ሕመም ነፍስ ለማዳን ሲሮጡ ማንም ሰው «ተርጓሚ ጥሩ» አይልም፤ ሕጉም ለዚያ ቦታ ትቷል። የአጎቴ ኦፕራሲዮን ግን ከወራት በፊት ቀን ተቆርጦለት ነበር። በነዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ ግማሽ ሰዓት አይገኝም? አምስት ወር እጁን ለማሠልጠን የተመላለሰበትን ጊዜስ ማን ቆጠረው?

«ቤተ ሰቡ ይተረጉማል» ይላሉ። አዋቂ ልጅ አጠገብ መሆኑ መልካም ነው፤ ለመደገፍ ነው፣ ለማጽናናት ነው። ሕፃን ልጅን ግን በአያቱ ሰውነትና በማደንዘዣ ሐኪም መካከል ማቆም ግፍ ነው። የእኛ ልጆች የሚያውቁት አማርኛ የማዕድ ቤት አማርኛ ነው፤ እንጀራና ወጥ ያውቃሉ፣ ነርቭና ብብት አያውቁም። ካጠፉም ዕዳውን ተሸክመው የሚኖሩት እነርሱ ናቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው?» ያለኝን ልጅ አትርሱት።

«ተርጓሚ ከየት ይምጣ?» ይላሉ። በዚህ አገር የአማርኛ ሕክምና ትርጉም ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1998 የተመሠረተው ቴኔ ብሪኡት የተባለው ማኅበር ስለ ወገናችን ጤና ብዙ ደክሟል፤ በስልክ ማስተርጎምም ተለምዷል። ስልክ የሌለበት የሆስፒታል ክፍል አሳዩኝና ዝም እላለሁ።

«የእናንተ ሽማግሌዎች ቢነገራቸውም አይገባቸውም» የሚሉም አሉ፤ በግልጽ ባይሉትም በፊታቸው ይሉታል። ለእነዚህ አንድ ታሪክ ልንገራቸው። የኩላሊት ጠጠር በዚህ በሞቃት አገር ድሮም የታወቀ ነው፤ ሰው ብዙ ያልበውና ትንሽ ይጠጣል፣ ሽንቱ ይወፍራል፣ ጨውም ይቋጠራል። በ1966 ፍራንክና ደ ፍሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በይሁዳ በረሃ ተራሮች በተቆረቆረች አዲስ ከተማ ሰዎችን በቂ ውኃ እንዲጠጡ በማስተማር ጠጠር መቀነሱን ጽፈዋል። በማስተማር ብቻ! መርፌ አልነበረም፣ ቢላም አልነበረም። እንግዲህ የነጌቭና የአካባቢው ሐኪሞች ሰው በሚገባው ቋንቋ ከተነገረው እንደሚገባው ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ ማለት ነው። ለውኃ የሠራ ትምህርት ለኦፕራሲዮን ጠረጴዛ የማይሠራው ለምንድን ነው?

የሚቻል መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ በሽኩና ቤት በእኛው ብሎክ የምትኖር አንዲት እናት ጠጠሯ በቱቦው ላይ ቆሞ ለኦፕራሲዮን ስትሄድ አብሬያት ገባሁ። ተርጓሚ በስልክ ቀረበ። ነርሷ እትዬን ከነልብሷ፣ ነቅታ ሳለች በአልጋው ላይ እግሯን እንዴት እንደሚያነሡ አሳየቻት። እትዬም «ይኸኛው ዳሌዬ ከዚህ አያልፍም» አለች። ተጻፈ። ሌላም ነገር ጠየቀች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እግሬ ተከፍቶ ስተኛ ማን ያየኛል?» አለች። ከሚሠራበት ቦታ በቀር ሰውነቷ በጨርቅ እንደሚሸፈን፣ በክፍሉ ውስጥ እነማን እንደሚሆኑም ተነገራት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የወሰደው። ሳይነገራት ቢሆን ኖሮ ያን ጥያቄ እንደ ድንጋይ ይዛው ነበር የምትደነዝዘው። ክብር የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ አያምርምና። እኛ ሐኪም ፊት ስንቀርብ ለሁሉም ነገር «እሺ» እንላለን። ሲነገረን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» እንላለን፤ በእኛ ዘንድ ይህ «እየሰማሁ ነው» ማለት ነው፤ ሐኪሙ ግን «ተስማማሁ» ማለታችን ይመስለዋል። ትልቅ ሰው መጠየቅ፣ ሐኪም ማቋረጥ ነውር ነው ብለን አድገናል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም፤ የመተንፈሻ ቱቦ ግን ይገባል፤ ያን ጊዜ መናገር ብትፈልጉም አትችሉም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ፣ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ ለዚህ ያለንበት ዘመን የተናገሩ ይመስላል። የድሮ ስብራትን መናገር ማማረር አይደለም። በሱዳን መንገድ የተሰበረ አጥንት የሚታፈርበት አይደለም፤ የሚነገር ታሪክ ነው፤ ለማደንዘዣ ሐኪሙም ሊነገር ይገባል።

ስለሆነም በእያንዳንዱ ቤት የሚከተለው እንዲደረግ እጠይቃለሁ።

1ኛ. ኦፕራሲዮን የታዘዘለት ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ገጽ ያዘጋጅ። አዋቂ ልጆች ከአባት ከእናታቸው ጋር ተቀምጠው ከራስ እስከ እግር ይጠይቁ፦ አንገት ወደ ሁለቱም ጎን ይዞራል? እጅ እስከ የት ይነሣል? ወገብ፣ ዳሌ፣ ጉልበት እስከ የት ይታጠፋል? የድሮ ስብራት፣ በሰውነት ውስጥ የገባ ብረት፣ የሚደነዝዝ እጅ ወይም እግር፣ የዓይን ሕመም አለ? በሆድ ተኝቶ መተንፈስ ይከብዳል? ወረቀቱ በዕብራይስጥ ይጻፍና ለማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ለሮፌ መርዲም፣ በእጁ ይሰጠው።

2ኛ. ቀኑ ሲቆረጥ ወዲያው «ተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ወንድ «አኒ ጻሪኽ ሜቱርገማን ሌአምሃሪት»፣ ሴት «አኒ ጽሪኻ ሜቱርገማን ሌአምሃሪት» ይበሉ። በዋዜማው መጠየቅ ከመዘግየት ይቆጠራል።

3ኛ. «ኤኽ ያሽኪቩ ኦቲ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «እንዴት ነው የምታስተኙኝ?» ማለት ነው። እጅ ለማንሳት የሚቸገር «አኒ ሎ ያኾል ሌሃሪም ኤት ሃያድ» ይበል፤ ሴት ከሆነች «ዬኾላ» ትበል። በቃል ብቻ አይበቃም፤ ነቅታችሁ ሳለ በእጃችሁ አሳዩ።

4ኛ. ከመፈረማችሁ በፊት የተነገራችሁን በራሳችሁ ቃል ለተርጓሚው መልሳችሁ ንገሩት። መልሳችሁ መናገር ካቃታችሁ ብዕሩን አስቀምጡ። አስረዱኝ ማለት እንቢ ማለት አይደለም።

5ኛ. ስትነቁ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ኃይል ካጣ፣ ዓይን ከደበዘዘ «ማደንዘዣው እስኪለቅ ነው» ብላችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። «ሃያድ ሼሊ ሬዱማ» በሉ፤ «እጄ ደንዝዟል» ማለት ነው። ነገሩ በመዝገብ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሳትጠየቁ ከቀራችሁም በየሆስፒታሉ የበሽተኛ መብት ኃላፊ፣ አሐራይ ሌዝኹዮት ሃሜቱፓል፣ እንዲኖር ሕጉ ያዝዛል፤ ወደ እሱ ሂዱ። የሕክምና መዝገባችሁን ግልባጭ መውሰድም መብታችሁ ነው።

ከሆስፒታሎችና ከኩፖት ሖሊም ደግሞ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ልመና ሳይሆን መብት ነው። ቀን በተቆረጠለት ኦፕራሲዮን ላይ ዕብራይስጥ በቅጡ ለማያውቅ በሽተኛ ሙያ ያለው ተርጓሚ ሳይቀርብ ፎርም አይቅረብ። ሕፃን ልጅ ተርጓሚ መሆኑ ፈጽሞ ይቁም። በሽተኛው ከመደንዘዙ በፊት የሚተኛበት ሁኔታ ይነገረው፤ እጁን፣ አንገቱን፣ ዳሌውን አንቀሳቅሶ እንዲያሳይ ይደረግ፤ የተባለውም በመዝገቡ ይጻፍ።

ሐኪሞቻችንን እንደ ጠላት አንይ። የአጎቴን ጠጠር ያወጡት እጆች የተባረኩ ናቸው፤ ሌሊት ከሕመሙ የተነሣ ሲጮኽ የነበረ ሰው ዛሬ ተኝቶ ያድራል። ነገር ግን ማደንዘዣ ማለት አንድ ሰው ሰውነቱን በአደራ ለሌላ ሰው የሚሰጥበት ሰዓት ነው። አደራ ተቀባይ የተቀበለውን ዕቃ አገላብጦ ያያል፣ «ይህ የተሰበረው ድሮ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አደራ ሰጪም የተሰነጠቀውን ቦታ ያሳያል። ሁለቱ ካልተነጋገሩ አደራ አይባልም።

ለዚያ ልጅ የሰጠሁትን መልስ ልንገራችሁና ላብቃ። «ጥፋቱ የአንተ አይደለም» አልኩት። «አንተን እዚያ ያቆሙህም፣ እዚያ ስትቆም ዝም ብለን ያየንህም ነን።» ሁለተኛ ልጅ ይህን ጥያቄ እንዳይጠይቀን በየቤታችን ያን አንድ ገጽ ዛሬ ማታ እንጀምር።

አንዲት መምህርት
ሽኩና ቤት፣ ቤር ሼቫ